ሰዓቱ አልተቃጠለም፤ ሽቦው ግን አልተጠየቀም

«ተቃጥሏል።»

በአገሪቱ ለተበላሸ ኤሌክትሮኒክስ የሚሰጠው ፍርድ ይህች አንዲት ቃል ናት። ስልክ ጠጋኙ ይላታል፣ የላቦራቶሪ ቴክኒሻኑ ይላታል፣ አስተማሪው ይላታል፤ በመጨረሻም ተማሪው ራሱ ለምዷት ይላታል። ማስረጃ አይጠየቅባትም። ይግባኝ የላትም። ከእርሷ ቀጥሎ የሚመጣው «ሌላ ይገዛ» ነው።

ይህ ፍርድ ምን ያህል በችኮላ እንደሚሰጥ ለማየት ፋብሪካ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ አንድ ሰዓት ይበቃል። ወላይታ ሶዶ ላይ ኤሌክትሪካል ምህንድስና የሚማር ወጣት ይታሰብ። ከተማዋ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች። ወጣቱ ለመመረቂያ ይሁን ለራሱ ፍቅር፣ ከሳተላይት ጊዜ የሚቀዳ ሰዓት መሥራት አምሮታል። የሚያስፈልገው ነገር ትንሽ ነው፦ ክብሪት ቀፎ የምታክል የጂፒኤስ ሞጁል፣ አንቴና፣ አንድ ቦርድ፣ ቁጥር የሚያሳይ ስክሪን፣ አራት አምስት ጃምፐር ሽቦ።

ነገሩ የልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ አይደለም። እያንዳንዱ የጂፒኤስ ሳተላይት አቶሚክ ሰዓት ተሸክሞ ነው የሚዞረው። ሞጁሏ ያንን ጊዜ ተቀብላ ሁለት ነገር ታወጣለች። አንደኛው በየሴኮንዱ መባቻ አንዴ የሚመታ ምት ነው፤ ስህተቱ በሴኮንድ ቢሊዮንኛ ክፍልፋዮች የሚቆጠር። ሁለተኛው በሲሪያል መስመር፣ ፊደል በፊደል እየተላከ የሚመጣ ጽሑፍ ነው፤ «ይህ የመታሁት ምት የስንት ሰዓት ከስንት ምት ነው» የሚለውን የሚናገር። ምቱ ልብ ነው፣ ጽሑፉ አፍ። አብዛኛውን ጊዜ የሚታመመው አፉ ነው፤ ሞተ ተብሎ የሚቀበረው ግን ሙሉ ሰውየው።

ወጣቱ ሽቦውን ያገናኛል። ስክሪኑ ባዶ ይሆናል፤ ወይም የማይነበብ ምልክት ይረጭበታል። ሌላ ሰው ይጠራል። ሰውየው ሞጁሏን በሁለት ጣቱ አንስቶ ያያታል፣ ምናልባትም ያሸታታል፣ ከዚያ ይፈርዳል። የሚያሳዝነው በብዙ ሞጁሎች ላይ ያለችው ትንሽ መብራት በዚያው ሰዓት በየሴኮንዱ ብልጭ ብልጭ ልትል መቻሏ ነው። ያቺ ብልጭታ «ሳተላይቶቹን አግኝቻለሁ፣ ጊዜውን ይዣለሁ» ማለት ናት። ሟች እየተነፈሰ ነው የሚገነዘው።

መብራቷ ባትበራስ? ያኔም ፍርዱ ገና ነው። የሶዶ ቤት ክዳኑ ቆርቆሮ ነው፤ የጂፒኤስ ምልክት ደግሞ በቆርቆሮ ሥር አይገባም። ሶዶ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስላለች ሳተላይቶቹ በአናቷ ላይ ነው የሚያልፉት፤ ሰማዩ በዚህ በኩል ለጋስ ነው። አንቴናዋን ወደ ግቢ አውጥቶ ደመናም ቢሆን ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ነው ሥራው። ሞጁሏ ሰማይ ሳታይ ስትቀር እንኳ ዝም አትልም። በምትልከው ዋና መስመር ውስጥ አንዲት ፊደል አለች፤ ጊዜውና ቦታው የታመነ ሲሆን «ኤ»፣ ያልታመነ ሲሆን «ቪ» ትላለች። እውነቱን በራሷ አፍ እየተናገረች ነው። ያቺን ፊደል የሚያነብ ከጠፋ ጥፋቱ የማን ነው?

አሁን ወደ ሽቦው። ሲሪያል ማለት ሁለት ሰዎች በአንድ ቀጭን ገመድ ተራ በተራ ፊደል የሚወራወሩበት ዘዴ ነው። እንዲግባቡ በፍጥነት መስማማት አለባቸው፤ ፍጥነቱ ባውድ ሬት ይባላል። የቆዩ የመርከብ መሣሪያዎች ሥርዓት 4800 ነበር፤ ዛሬ ገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት ትንንሽ ሞጁሎች 9600 ሆነው ነው የሚመጡት። አንዱ በ9600 እየተናገረ ሌላው በ4800 ቢሰማ የሚወጣው ያ የማይነበብ ምልክት ነው። ማንም አልተቃጠለም። ተናጋሪውም ሰሚውም ጤነኛ ናቸው፤ የተበላሸው ስምምነቱ ነው። ተቀባዩ ያልተስማማበት ቋንቋ ከላይ ሲጫንበት ምን እንደሚከተል ሶዶ ከማንም ከተማ በላይ ታውቃለች። በ1992 ዓ.ም. «ወጋጎዳ» በተባለው ቋንቋ መጽሐፍ የተነሣ የሆነውን ያየ ሰው ለዚህ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ያኔ የጠፋው ግን የሰው ሕይወት ነውና ንጽጽሩ እዚህ ላይ ይቁም።

ቀጥሎ የሚመጣው ስህተት የሚያስቅ ነው። በሞጁሏ ላይ ሁለት እግሮች አሉ፤ አንዱ የሚልክ፣ አንዱ የሚቀበል። አዲስ ጀማሪ ሁሉ ላኪን ከላኪ፣ ተቀባይን ከተቀባይ ያገናኛል፤ ስማቸው ስለሚመሳሰል። ሁለት አፍ ተገናኝቶ፣ ሁለት ጆሮ ተገናኝቶ ወሬ ይጠበቃል። መፍትሔው ማጠላለፍ ነው። ሦስተኛው የግራውንድ ሽቦ ነው። ሞጁሏ ከአንድ ቻርጀር፣ ቦርዱ ከሌላ ቻርጀር ኃይል ሲያገኙ ግራውንዳቸው ካልተገናኘ አንዱ የሚልከውን ቮልቴጅ ሌላው ከምን ተነሥቶ ይለካው? ሲፈልግ ይሠራል፣ ሲፈልግ ያቆማል። እንዲህ ዓይነቱን ነው ሰው «ኮንታክት አለው» ብሎ በጥፊ የሚመታው።

እውነተኛ ቃጠሎም አለ፤ ይህን መካድ አይገባም። የቆየው የኮምፒውተር ሲሪያል ወደብ፣ አር ኤስ 232 የሚባለው፣ በፖዘቲቭና በኔጌቲቭ ቮልት መካከል ነው የሚወዛወዘው፤ 12 ቮልት መድረሱ የተለመደ ነው። ትንሿ ሞጁል ግን ከ3.3 ቮልት በላይ አትችልም፤ በዚያ ላይ አንዱ «አዎ» የሚለውን ሌላው «አይ» ብሎ ነው የሚሰማው፤ አመክንዮአቸው የተገላቢጦሽ ነው። ሁለቱን መሃል ላይ መቀየሪያ ሳያደርጉ በቀጥታ ማገናኘት ሞጁሏን በእርግጥም ሊያቃጥላት ይችላል። ይህን አስቀድሞ ለማወቅ የሚያስፈልገው በየጥገና ቤቱ ያለው ቴስተር ብቻ ነው። ምንም በማይላክበት ቅጽበት የላኪው እግር ላይ 3.3 ቮልት አካባቢ ከታየ ትንሹ ዓይነት ነው፤ ኔጌቲቭ ቮልት ከታየ ትልቁ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያናድደው፦ አለመለካት ራሱ ያቃጥላል፤ ከዚያ ቃጠሎው ለአለመለካት ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል።

ላፕቶፕ ለሚጠቀሙት ሌላ ወጥመድ አለ። ዛሬ ላፕቶፕ የሲሪያል ወደብ ስለሌለው በመሃል የዩኤስቢ ኮንቨርተር ይገባል፤ በኮንቨርተሩ ውስጥ ያለችው ቺፕ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቅጂ ናት። እ.ኤ.አ. በ2014 ኤፍቲዲአይ የተባለው አምራች በዊንዶውስ ማሻሻያ በኩል ያሰራጨው ድራይቨር የቅጂ ቺፖችን መለያ ቁጥር ዜሮ እያደረገ ከሥራ ውጭ ሲያደርጋቸው በዓለም ዙሪያ ጩኸት ተነሥቶ ነበር። ፕሮሊፊክ የሚባለውም አዲሱ ድራይቨሩ የቆዩና የተቀዱ ቺፖችን አያስተናግድም። ይኸውም ትናንት የሠራ ገመድ ዛሬ ኮምፒውተሩ ስለታደሰ ብቻ እምቢ ሊል ይችላል ማለት ነው። በተጠቃሚው ዓይን ግን «የጂፒኤሱ ሰዓት ተቃጠለ»።

ከዚህ ሁሉ የሚገርመው የማውዙ ነገር ነው። ዊንዶውስ ሲነሣ በሲሪያል መስመሩ ላይ ፊደል ሲፈስ ካገኘ አንዳንዴ የጥንት ሲሪያል ማውዝ የተሰካ ይመስለዋል። ከዚያ የሳተላይቱ ጊዜ ወደ ማውዝ እንቅስቃሴ ይተረጎምና ቀስቷ ስክሪኑ ላይ ትደንሳለች፤ ያልተጫኑት ነገር ይከፈታል፣ ፋይል ይንቀሳቀሳል። ቫይረስ ነው ተብሎ ኮምፒውተር ፎርማት ለማድረግ ይህ ከበቂ በላይ ነው። በራስፕቤሪ ፓይ የሚሠሩትም ከዚህ የራቁ አይደሉም። በሦስተኛውና በአራተኛው ትውልድ ጥሩው የሲሪያል ወደብ ለብሉቱዝ ተሰጥቶ በእግሮቹ ላይ የቀረው ደካማው ነው፤ የእርሱ ፍጥነት ከፕሮሰሰሩ ሰዓት ጋር ስለሚዋዥቅ ፊደል ይሰባበራል። በዚያ ላይ ሲስተሙ ራሱ ያንን ወደብ ለመግቢያ መልእክቱ ይዞት ሊሆን ይችላል። ሁለቱም በሴቲንግ የሚስተካከሉ ናቸው። ብየዳ እንኳ አያስፈልጋቸውም።

ሰዓቱ መታየት ከጀመረ በኋላም ክሱ አይቆምም። «ሦስት ሰዓት ይሳሳታል» ይባላል። ጂፒኤስ የሚሰጠው የዓለም አቀፉን ሰዓት ነው፤ ከኢትዮጵያው የ24 ሰዓት አቆጣጠር በ3 ይዘገያል፣ በሐበሻ አቆጣጠር ላይ ደግሞ በ3 ይቀድማል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ሞጁሏ 4 ብትል ልክ ናት። «ሴኮንዱ ይዛነፋል» ይባላል። የጂፒኤስ ሰዓትና የዓለም አቀፉ ሰዓት ከእ.ኤ.አ. 2017 ጀምሮ በ18 ሴኮንድ ይለያያሉ፤ ያንን ልዩነት የሚነግረው የሳተላይቱ ሙሉ መልእክት ተላልፎ ለማለቅ 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ከፋብሪካ በቆየ ቁጥር የተነሣች ሞጁል እስከዚያ ድረስ ሁለት ሦስት ሴኮንድ ብትስት አያስገርምም። «ቀኑን ወደ 20 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ መለሰው» የሚባለውም አለ፤ ይህ ደግሞ ሳተላይቶቹ ሳምንት የሚቆጥሩበት ቁጥር በየ1024 ሳምንቱ ወደ ዜሮ ስለሚመለስ ነው። የመጨረሻው መመለስ በመጋቢት 2011 መጨረሻ ላይ ነበር። ያንን ያላሰበ የቆየ ሶፍትዌር የያዘ ያገለገለ ዕቃ ሰዓትና ደቂቃውን በትክክል እየነገረ ዓመቱን ይስታል። 7168 ቀን መደመር ያድነዋል። አንድ የሂሳብ መስመር!

ጥቂት የማይባሉ የሠለጠኑ ሰዎች የሚወድቁባት አንዲት ጉዳይ ደግሞ አለች። በ9600 ፍጥነት በሴኮንድ የሚያልፈው 960 ፊደል ነው። አንዱ የጂፒኤስ መስመር እስከ 82 ፊደል ይደርሳል፤ እርሱን ብቻ ለመላክ ወደ 85 ሚሊሴኮንድ ይሄዳል፣ በአንድ ሴኮንድ ደግሞ ብዙ መስመር ይላካል። ስለዚህ ጽሑፉን ብቻ አንብቦ ሰዓት የሚሞላ ሰው ከመነሻው የዘገየ ሰዓት ነው የሚሠራው። ያችን የምት ሽቦ ማገናኘት የግድ ነው። ብዙዎቹ ግን «ያለ እርሷም ይሠራል» ብለው ይተዋታል፤ አቶሚክ ሰዓት ገዝተው የግድግዳ ሰዓት ይሠራሉ።

ይህ ሁሉ ሲነገር ሁልጊዜ የሚነሣ ሰው አለ። «ወላይታ ውኃና መብራት ሳይሟላ ማይክሮሴኮንድ ምን ያደርግላታል?» ይላል። ሲሰሙት ለድሃው ያዘነ ይመስላል። የወላይታ ሕዝብ ግን ጊዜን ከሌላ ተውሶ የኖረ ሕዝብ አይደለም። ዘመን መለወጫው ጊፋታ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው ውስጥ በሚውለው እሑድ ይከበራል፤ ቀኑን ይለዩ የነበሩት የጨረቃን መሙላትና መጉደል የሚከታተሉ አዋቂ ሽማግሌዎች ናቸው። ሰማይ አይቶ ጊዜ ማውጣት ለዳሞታ ተራራ ግርጌ አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሆነው የሰማዩን ወሬ ተቀብሎ ሳያነቡ «ተቃጥሏል» ማለት ነው።

ጥያቄው በራሱ ሜዳም ቢመለስ ያው ነው። ያ የሰዓቱ ሽቦ የሰዓት ብቻ አይደለም። በሆስፒታል ላቦራቶሪ የደም መመርመሪያ ማሽን ውጤቱን ለኮምፒውተር የሚያቀብልበት መስመር ብዙ ጊዜ ይኸው ሲሪያል ነው። የቡናና የዝንጅብል መጋዘን ዲጂታል ሚዛን፣ የጭነት መኪና የሚመዘንበት ሚዛን፣ የፋብሪካ መቆጣጠሪያ፣ ሁሉም በዚህች ገመድ ይነጋገራሉ። በርካሽ ዕቃ ላይ ላኪና ተቀባይን መለየት ያልተማረ መሐንዲስ በሚሊዮን ብር ማሽን ፊት ሲቆም የሚያውቀው ያችኑ አንዲት ቃል ነው። ልዩነቱ እዚያ «ሌላ ይገዛ» ሲባል የሚከፈለው ዶላር መሆኑ ነው።

ዶላሩም የቀድሞው ዶላር አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ ባንኮች በ57 ብር ገደማ ይመነዝሩት የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ120 ብር አልፏል። «ጥቁር ገበያው ቀድሞም እዚያው ነበር» የሚል ካለ ልክ ነው፤ መሥሪያ ቤት በጨረታ የሚገዛው ግን በጥቁር ገበያ አልነበረም። በአገሪቱ ውስጥ በመጋዘን ተቆልሎ «ከአገልግሎት ውጭ» የተባለ ዕቃ ሞልቷል። ከዚያ ክምር ውስጥ ስንቱ በእርግጥ የሞተ፣ ስንቱ ደግሞ 4800 እና 9600 ተምታቶበት የተጣለ ነው? ዕቃውን ለማስወገድ የሚሞላው ቅጽ «ብልሽቱ በምን ተለካ?» የሚል ቦታ ቢኖረው መልሱ ይታወቅ ነበር።

ሌላው የተለመደ መልስ «ትክክለኛ ሰዓት ስልክ ላይ አለ» የሚለው ነው። አለ፤ ኢንተርኔት እስካለ ድረስ። በሰኔ 2011 እና እንደገና ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ ለሳምንታት ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ፣ ሰዓታቸውን ከኢንተርኔት የሚቀዱ ኮምፒውተሮች በየራሳቸው ኳርትዝ ላይ ነው የወደቁት። ተራ የኮምፒውተር ኳርትዝ በቀን አንድ ሁለት ሴኮንድ መሳቱ የተለመደ ነው፤ በሦስት ሳምንት ግማሽ ደቂቃ። ሰዓታቸው የተለያየ ሁለት ሰርቨሮች የመዘገቡትን ነገር ማን ቀደመ ብሎ ማስታረቅ የሚሞክር ሰው ችግሩን ያውቀዋል። በአዲስ አበባ አምስት ኪሎ ኢቲ3ኤኤ በሚል መጠሪያ የሚያሰራጨው የአማተር ሬዲዮ ክበብ ላለበት ዓለምም ነገሩ የቅንጦት አይደለም፤ ኤፍቲ8 በሚባለው፣ ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአማተሮች ዘንድ በተስፋፋው ዘዴ መልእክት የሚላከው በየ15 ሴኮንዱ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ከሁለት ሴኮንድ በላይ ከሳተ ማንም አይሰማውም። ጣሪያ ላይ ያለች አንዲት አንቴና እና በአግባቡ የተገናኙ ጥቂት ሽቦዎች ያለ ማንም ፈቃድና ያለ ዳታ ይህን ሁሉ ይሸፍናሉ።

ዋናው ተጠያቂ ታዲያ ተማሪው ነው? አይደለም። ጠጋኙም አይደለም፤ እርሱ በቀን አሥር ዕቃ ካላስረከበ እንጀራ የለውም። ተጠያቂው የሚሠራን ነገር ብቻ የሚሸልመው አስተማመር ነው። የመመረቂያ ፕሮጀክት የሚመዘነው በማሳያው ቀን ስክሪኑ በራ አልበራ ተብሎ ነው። ስለዚህ ተማሪው የማይሠራውን አይመረምርም፤ ይተካል። ሦስት ሞጁል ገዝቶ አንዱ ሲሠራለት ሁለቱን ይጥላል፤ ለምን አንዱ እንደሠራ ግን እርሱም መምህሩም አያውቁም። ሪፖርቱ ውስጥ ስለ አቶሚክ ሰዓት 20 ገጽ ይጻፋል፤ ስለዚያች ያልሠራች ሽቦ አንድ መስመር የለም። ብሎክ ዲያግራሙ ላይ ቀስት ተሥሏል፤ ቀስቱ ውስጥ ስንት ነገር እንደሚበላሽ የጠየቀ የለም።

የሚጠየቀው አዲስ ላቦራቶሪ፣ አዲስ በጀትም አይደለም። መምህሩ በማሳያው ቀን ተማሪውን ከክፍል ያስወጣው፤ የሚሠራውን ሰዓት ይውሰድና አንድ ነገር ያበላሽበት፦ ባውድ ሬቱን ይቀይር፣ ወይም የግራውንዱን ሽቦ ይንቀል፣ ወይም ላኪና ተቀባዩን ያዘዋውር። ከዚያ ቴስተር ሰጥቶ ያስገባው፣ 15 ደቂቃም ይፍቀድለት። ከ100 ነጥብ 40ው ለዚህ ይሁን። «ተቃጥሏል» ብሎ የሚወጣ ተማሪ ካለ በስንት ቮልት፣ በየትኛው እግር ላይ፣ ከምን ጋር ተገናኝቶ እንደተቃጠለ ይጻፍ።